በጸሎት የተለካ ምንጭ

ደብረ ታቦር ላይ መምህር መቅጠር ከማስተማር በላይ ያደክማል። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ በውሃ ሀብት ምህንድስና ምርምር የሚሠራ መምህር ስፈልግ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ማስታወቂያ እናወጣለን፣ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፣ ጋዜጣ ላይ እናሳትማለን። የሚያመለክተው ብዙ ነው፤ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ መጥቶ የሚቆየው ከዚያም ያንሳል። ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ከባሕር ዳር ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ ገና መንገድ ላይ ጃኬቱን ይቆልፋል፤ ከተማችን ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመመለሻ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው።

እኔ ራሴ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ የቆምኩ ሰው ነኝ። የሦስተኛ ዲግሪ ዕድል ሁለት ጊዜ መጥቶልኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጊዜ ኃላፊነቱን ለማን ጥዬ ልሂድ አልኩ። ሁለተኛውን ጊዜ ቅጹን ሞልቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩትና የማስገቢያው ቀን አለፈ። ሰው ሲጠይቀኝ ለትምህርት ክፍሉ ስል ቀረሁ እላለሁ። እውነቱ ግን ሰነፍኩ፤ ከስንፍናዬም ይልቅ ፈራሁ። ስለዚህ በየዓመቱ ከእኔ የሚበልጥ ሰው የሚፈልግ ማስታወቂያ በገዛ እጄ እጽፋለሁ፣ ፈርሜ እሰጣለሁ፣ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሳየው ደግሞ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ይህ ሥራ የሰውን ሆድ እንዴት እንደሚያመርረው የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ማስታወቂያ ሁለት ሰዎች መስፈርቱን አሟሉ። ማመልከቻዎቹን ያመጣችልኝ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛዋ ናት። የይፋግ ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች፣ በማታ ተምራ ቢሮ የገባች፣ ማንንም የማትፈራ ሴት። ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አልሄደችም።

«አንዷ የእርስዎ ተማሪ ነበረች መሰለኝ» አለችኝ።

ነበረች። የጉና ሥር ገበሬ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተጠግታ ትቀመጥ ነበር፤ ጥያቄ ስጠይቃት መልሱን እያወቀች የምታቀረቅር ልጅ ነበረች። አሁን ባሕር ማዶ ተምራ፣ ዶክተር ሆና፣ በታወቁ መጽሔቶች ላይ ጽፋ ተመልሳለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት የትውልድ ዘመኗን ነው። ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት ታንሳለች። ቀጥዬ የጥናት ጽሑፎቿን ቆጠርኩ። ቆጥሬ ስጨርስ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ቢሆንም እጄ አላርፍ አለ፤ መልሼ አነሳሁና የዋና ጥናቷን ርዕስና ማጠቃለያ አነበብኩ። የዚያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ጥናቱ ስለ ጉና ምንጮች መድረቅ ነው። የምንጩን አቅም የለካችው ደግሞ አንድ ዕቃ እስኪሞላ ስንት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እንደሚባል በመቁጠር ነው። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ሰዎች በጸሎት የለኩትን አሰባስባ፣ ጸሎቱን ወደ ሰከንድ መልሳ፣ ምንጮቹ ምን ያህል እንደቀነሱ አሳይታለች።

ይህ የእኔ ነገር ነው! በየዓመቱ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለአዲስ ተማሪዎች የማስተምረው የእኔ ነገር ነው። ታሪኩን ያልሰማ የእኔ ተማሪ የለም። አንድ ጊዜ ጣራ ገዳም አጠገብ ካለ አንድ ምንጭ ውሃ ልለካ ሄጄ ሰዓቴን ቤት ረስቼዋለሁ፤ አሁን ምን ይሻላል ብዬ ስጨነቅ፣ ከገዳሙ የጸሎት ድምፅ ሰማሁና አቡነ ዘበሰማያት እያልኩ ለካሁ። መሐንዲስ ማለት በእጁ ባለው ነገር የሚለካ ሰው ነው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ይጽፋሉ። እሷም ስቃ፣ ጽፋ፣ ይዛው ባሕር ተሻግራለች። እኔ ክፍል ውስጥ እያወራሁ ስቀር እሷ ዶክተር ሆናበታለች። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

የማስተማር ማሳያው ቀን ሁለቱም መጡ። አንደኛው ተወዳዳሪ የአዲስ አበባ ሰው ነው። እንግሊዝኛው የሚፈስ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ የሚያሳያቸው ሥዕሎች ሁሉ ባለቀለም ነበሩ። አፍ የሚያስከፍት ነገር አልተናገረም፤ የሚነቀፍም ነገር የለውም። ከእሱ ቀጥሎ እሷ ቢጫ ጄሪካን ይዛ ቤተ ሙከራው ውስጥ ገባች። ቧንቧውን በቀጭኑ ከፈተችና ጄሪካኑን ከሥሩ አድርጋ፣ ኮሚቴው አብሯት አቡነ ዘበሰማያት እንዲል ጠየቀች። የፋኩልቲያችን ዲን የድሮ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው በዜማ ጀመሩት። ከእኛ ጋር የተቀመጠው ሙስሊሙ ባልደረባችን ሳቀና «እኛስ በምን እንለካ?» አላት።

«ፋቲሓም ይሆናል» አለችው። «ቁም ነገሩ የሚለው ሰው ሁልጊዜ በአንድ ልክ ማለቱ ነው።»

ክፍሉ ሞቀ። ስለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነገረችን። በልጅነታቸው ዲቁና የተቀበሉ ናቸው። ጸሎቱን ጠዋትና ማታ፣ ጾመውም በልተውም ሲሉት ድምፃቸውን ቀድታ በሰዓት አመሳክራለች፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ የምንጩን ውሃ ሲለኩ ኖረዋል፤ የየዓመቱንም ልክ አይረሱም። «እዚያ ቦታ መሣሪያ አልነበረም፤ መሣሪያው እሳቸው ነበሩ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ዘዴውን ከቤቴ ነው ያመጣሁት» አለችና ራሷን ዝቅ አድርጋ ፈገግ አለችልኝ።

ከቤቴ! ዓይን ያወጣ ነገር። እዚያው ተቀምጬ፣ እፊቴ፣ ፈገግ ብላ! ጥርሴን ነከስኩ። የእኔን ስም ብታነሳ ምን ይቀርባት ነበር? «መምህሬ ካስተማሩኝ» ማለት ምላስ ይቆርጣል? ዲኑ ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ ግን አልተነካካም ማለት ይቻላል።

የነጥብ መስጫ ወረቀቱ ለብቻ የሚሞላ ነው። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩና ሞላሁት። ለአዲስ አበባው ሰው ከፍ አድርጌ ሰጠሁ። ለእሷ «ሳይንሳዊ ብቃት» በሚለው ላይ ዝቅተኛውን ሰጠሁና ከሥሩ «ዘዴው ሳይንሳዊ መሠረት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ ይህን የጻፍኩት፤ ዘዴው የእኔ ነው ብዬ ያበድኩት እኔ፣ ለስንት ዓመት ያስተማርኩት እኔ። ፈርሜም አጠፍኩት። ሲደመር በሁለት ነጥብ ተበለጠችና ተጠባባቂ ሆነች። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ መጥታ አነበበችው፤ በሩቅ አየኋት። ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ ወደ መናኸሪያው ወረደች። ቅሬታ አላቀረበችም።

ተመራጩ በታኅሣሥ መጣ። እንደምታውቁት በታኅሣሥ ጠዋት እዚህ የመኪና መስታወት ውርጭ ይይዛል። በኮት ላይ ኮት ደርቦ ያስተምር ነበር። «እዚህ ቢሮ ማሞቂያ የለም?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ፀሐይ አለች፣ በአራት ሰዓት ትመጣለች» አልኩት። ለጥምቀት ቤተሰቤን ልይ ብሎ ሄደ። ጥምቀት አለፈ፣ ጥር አለቀ፤ ስልኩ ይጠራል እንጂ አያነሳም። በየካቲት መልቀቂያው በኢሜይል መጣ።

ዲኑ አስጠሩኝ። «ተጠባባቂዋን ጥራት። እስከ ዓርብ ካልፈረመች መደቡ ይታጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ምርምር የሚባል ነገር በዚህ ትምህርት ክፍል እርሳው» አሉኝ። ከሰው ሀብት ክፍል ደግሞ ውጭ አገር ሌላ ቦታ አግኝታ መልስ እየጠበቁባት እንደሆነ ሰማሁ። ነገሩ ሁሉ በእኔ ስልክ ላይ ተንጠለጠለ። እሷ አባቷ ዘንድ ጉና ወጥታለች።

ሰኞ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነበር። ቀድሞ የተቀዳው የሴትዮዋ ድምፅ ደንበኛዋን ማግኘት እንደማልችል ሲነግረኝ እግዜር ይስጥልኝ ልላት ምንም አልቀረኝም። ማክሰኞ አልደወልኩም። ረቡዕ ዲኑ ሲጠይቁኝ «እየሞከርኩ ነው» አልኩ። መንገዱም ኔትወርኩም በዚህ ጊዜ እንዳመሉ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረኝም። ዓርብ ቢያልፍ ጥፋቱ የማንም አይሆንም። እኔ እንደ ድሮዬ ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ ሰው አይመጣም፣ ኃላፊም አንጋፋም ሆኜ እቀጥላለሁ። ይህን አስቤ ረቡዕ ከሰዓት ደህና አድርጌ ሻይ ጠጣሁ።

ሻዬን ሳልጨርስ የይፋጓ ልጅ፣ የሰው ሀብት ክፍሏ ሠራተኛ፣ ገባች።

«ስንት ጊዜ ደወሉላት?» አለችኝ።

«ብዙ።»

«እስቲ ስልክዎን ያሳዩኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ፖሊስ ነሽ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቀንተው ነው አይደል?» አለች፣ ስለ ደመወዝ ቅጽ እንደምታወራ ሁሉ።

«ማን? እኔ? በተማሪዬ?»

«እኔ ዓረብ አገር እያለሁ፣ ከእኔ ኋላ የመጣች ልጅ ከእኔ በፊት ደህና ቤት አገኘች። ሥራ ያስለመድኳት እኔ ነበርኩ። አንድ ወር ሙሉ አላናገርኳትም። በመስታወት ያየሁት ፊቴ የአሁኑን የእርስዎን ፊት ይመስል ነበር።» ከያዘችው ፋይል ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የጥሪው ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። «ነገ ይዘውላት ይሂዱ። እርስዎ ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ፤ ለዲኑም ለምን እኔ እንደሄድኩ እነግራቸዋለሁ።»

የሰደብኳት እሷ ከወጣች በኋላ ነው፤ ያውም በሆዴ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ጋይንት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የነገሩኝ ቦታ ላይ ወርጄ በእግር ሽቅብ ያዝኩ። የጉና ነፋስ በጾም ሆድ ላይ ሲመታ ሌላ ነው። የገብሱ ማሳ ታጭዷል፤ በጎች ቃርሚያውን ይግጣሉ፤ ሁለት ሰው ድንች ጭነው በበቅሎ ቁልቁል ሲወርዱ እንዴት አደሩ ተባብለን አለፍን። ሁለት ሰዓት ያህል ስሄድ በሆዴ የማወራው ከእሷ ጋር ነበር። አገኝሽና፣ ደብዳቤውን ሰጥቼሽ፣ «የቤትሽ ዘዴ እንዴት ነው?» እልሻለሁ እያልኩ። ደጋግሜ ስለተለማመድኩት ቤታቸው ደጃፍ ስደርስ ቃሉ አፌ ላይ ነበር።

አባቷ በር ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። መምህሯ መሆኔን ስነግራቸው ገመዱን ጥለው ተነሱ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መምህሯ? ያ መምህሯ? እሰይ! እግዜር ያመጣዎ። ይግቡ፣ ይግቡ። ጾም ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምናቀምስዎት የለ፤ ብቻ ይረፉ። ልጅቱ ምንጭ ወርዳለች፤ አሁን እንሄድባታለን። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ግድግዳው፣ እንደ አገሩ ቤት ሁሉ፣ በጋዜጣና በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለጥፏል። ከምሰሶው አጠገብ፣ ማንም የማይጋፋው ቦታ ላይ፣ አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቤት ሥራ ወረቀት አለ። ጢስ አደብዝዞታል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ የተጻፈው ግን ይነበባል።

«እንግሊዝኛውን አላውቀው፤ ቀዩን ግን አነበዋለሁ» አሉኝ አባቷ። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ አነበቡልኝ። «ግሩም ነው! ይህን ከየት አመጣሽው? ለክፍሉ አስረጂ።»

የእኔ ጽሑፍ ነው። ጅራቷ የረዘመች «ው» የእኔ ናት፤ ተማሪዎቼ ሁሉ የሚቀልዱባት። ቀና ብዬ እንግሊዝኛውን አነበብኩ። ርዕሱ ያለ መሣሪያ ውሃ ስለመለካት ነው። እኔ የሰጠሁት የቤት ሥራ ነው። እሷ የጻፈችው ደግሞ አባቷ የመንደሩ የውሃ አባት መሆናቸውን፣ በየዐቢይ ጾም መግቢያ የእናቷን እንስራ ምንጩ ሥር አድርገው በአቡነ ዘበሰማያት እንደሚለኩ፣ በልኩም መሠረት ለየቤቱ ወረፋ እንደሚያከፋፍሉ ነው።

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣልኝ። ለክፍሉ አስረጂ ስላት ልጅቷ አፍራ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። «እርስዎ ይንገሩልኝ» አለችኝ። ነገርኩላት። የዚያን ዓመት «አንዲት ተማሪያችን እንደጻፈችው» አልኩ። የሚቀጥለው ዓመት «አንድ ተማሪ እንደነገረኝ» ሆነ። ከዚያ «አንድ ጊዜ አንድ ሰው» ሆነ። ከዚያ፣ መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ «እኔ አንድ ጊዜ» አልኩ፤ ተማሪዎቹ ይበልጥ ሳቁ፣ እኔም ይበልጥ ጣመኝ። ጣራ ገዳሙን ጨመርኩበት። ሰዓት መርሳቴን ጨመርኩበት። እኔ እኮ የእጅ ሰዓት ኖሮኝ አያውቅም! ስልኬን ነው የማየው። በየዓመቱ የምረሳው ሰዓት የሌለኝ ሰዓት ነበር፤ እኔም ራሴ አምኜው፣ ተሰረቅሁ ብዬ በሰው ልጅ እንጀራ ላይ ቆሜ ነበር።

አባቷ መቀመጤን ድካም አድርገው ወሰዱት። በርጩማ ስበው ከፊቴ ተቀመጡና ደስ የሚል ጨዋታ እንዳላቸው ሰው ፊታቸው በራ።

«ያን ጊዜ ልጅቱ መጥታ ‹አባባ፣ መምህሬ ወደዱት፤ ለሁሉ ተማሪ ያስተምሩታል› ብትለኝ አላመንኳትም። የኔ ነገር ዩኒቨርሲቲ ሊገባ? አምና ሳይሆን ካቻምና ግን ተማሪዎችዎ ለመስክ ሥራ መጡ፤ አሥር ይሆናሉ። ምንጩ ዳር አገኙኝና ‹አባባ፣ ሰዓት ባይኖር እንኳ ውሃ በምን እንደሚለካ እናስተምርዎት› አሉኝ።» ሳቃቸው መጣ። «መምህራችን ናቸው ያገኙት አሉና በአቡነ ዘበሰማያት እንዴት እንደሚለካ አስተማሩኝ። ያውም አፋጥነው፤ ሲሉት ግማሹን ይውጡታል!»

«እርስዎ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ምን እላለሁ? ልጆች ናቸው፣ ከሩቅ መጥተዋል። ዝም ብዬ ሰማኋቸውና ድንች ቀቅዬ አበላኋቸው። እንዲያው ነገሩ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ እንዲህ ሲዞር ማየቴ ይበቃኛል።»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ተሰረቅሁ ብዬ ስቃጠል የከረምኩት እኔ፣ የተሰረቁት እሳቸው፤ እሳቸው ድንች ቀቀሉ፣ እኔ ነጥብ ቀነስኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ ምን ተሰማኝ? ቀናሁ። በዚያ ሽማግሌ ሆድ ስፋት ቀናሁ። እንዲህ ያለ አባት ስላላት በእሷም ደግሜ ቀናሁ። እፍረቱ ቅናቴን ያጠፋዋል ብዬ ነበር፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ወደ ምንጩ ወረድን። እሷ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የእናቷ እንስራ ከአጠገቧ አለ። ስታየኝ ደንግጣ ተነሳች። ፖስታውን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ሁለተኛ አነበበችው፤ ከዚያ ለአባቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። አባቷ ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ።

«እስከ ነገ ነው የሚለው» አለችኝ። «ለውጭ አገሮቹም ነገ መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ፤ እሺ ልላቸው ነበር። ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ኔትወርክ የለም። እንዴት ብለው በእግርዎ መጡ? እግዜር ይስጥልኝ።»

ምስጋናዋ አቃጠለኝ። አባቷ ደስታቸው ስለፈነቀላቸው «በሉ እንግዲህ፣ የዛሬውን እርስዎ ይለኩልን» አሉና እንስራውን ከምንጩ ሥር አደረጉት። «እኔ ስቆጥር ብዙ ዘመኔ ነው፤ አንድ ቀን መምህር ይቁጠሩ።»

ጀመርኩ። አንዱን ጨረስኩ። ሁለተኛውን ያዝኩ። የበደላችንን ይቅርታ የምንለምንበት ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ። ደግሜ ልጀምር ሞከርኩ፤ አልሆነም። ውሃው በእንስራው አፍ ላይ ሞልቶ ይፈስ ጀመር፤ ሦስታችንም ቆመን አየነው።

«ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «ሳይንሳዊ አይደለም ያልኩትም እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው። የእኔን ሰርቀሽ ነው ብዬም ነበር። ግድግዳችሁ ላይ ያለውን ዛሬ አየሁት።»

አባቷ አንዴ እኔን አንዴ ልጃቸውን አዩ፤ ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

እሷ ደብዳቤውን አጠፈችው። «ነጥቡን ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ስፈግግልዎት ፊትዎን አይቼዋለሁ። ለእኔ ግድ የለኝም፤ ሌላ ቦታ አላጣሁም። ተማሪዎቹ አባቴን ሊያስተምሩት የመጡ ቀን ግን እዚህ ነበርኩ። ያን ቀን አልቅሻለሁ። እሱ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም።»

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

«የማን እንደሆነ ይንገሩ። ለእኔ አይደለም። ለእነሱ፣ ክፍል ውስጥ፣ በስሙ ጠርተው።»

ከዚያ ደብዳቤውን ድንጋይ ላይ ዘርግታ ፈረመችበት። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። እንስራውን ደፍታ ባዶውን መልሳ ከምንጩ ሥር አደረገችና «የአሁኑ አይያዝም» ብላ እርሳሷን አነሳች። አባቷ ራሳቸው ጀመሩት፤ ቀስ ብለው፣ አንድ ቃል ሳይውጡ። አራት ሆነ። ወጣት ሳሉ ይኸው እንስራ በአንድ ይሞላ ነበር።

አሁን ቢሮዋ ከእኔ ቢሮ ቀጥሎ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ተማሪዎቿ ሲስቁ ይሰማኛል፤ በሬን ዘግቼ አዳምጣቸዋለሁ እንጂ ቅናቴ ዳነ ብዬ አልዋሽም። ለፕሮጀክቷ መሣሪያ የጫነ መኪና ሲመጣም ከመስኮቴ ሆኜ ሳጥኖቹን እቆጥራለሁ። የይፋጓ ልጅ በበሩ ስታልፍ ፊቴን አይታ «ዛሬም?» ትለኛለች፤ «ዛሬም» እላታለሁ።

በዚህ ጽሑፍ የማንንም ስም አልጠራሁም። ክፍል ውስጥ ግን በየዓመቱ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቢጫ ጄሪካኑን ቧንቧ ሥር ከማድረጌ በፊት ሰሌዳው ላይ የአንድ ሰው ስም ከነአባታቸው እጽፋለሁ። ተማሪዎቹ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እንደሆኑ ይጠይቁኛል። የሰዓቱ ታሪክ ይበልጥ ያስቃቸው ነበር፤ አሁን እንደዚያ አይስቁም። እኔም ስሙን እስኪጽፉት ድረስ ቧንቧውን አልከፍትም።